«ሾፌሩ ትንሽ ቢጠብቀን ምናለበት?» እና ስለ እንግሊዝ የአውቶብስ ጉብኝት የሚነገሩ ሌሎች ስህተቶች

ከለንደን ተነስቶ በሦስትና በአራት ቀን ኦክስፎርድን፣ ስትራትፎርድን፣ የኮትስዎልድስን መንደሮችና ባዝን የሚያዞር አውቶብስ ላይ ተሳፋሪው ይዟቸው የሚመጣ የተሳሳቱ እምነቶች አሉ። አብዛኞቹ ጉዳታቸው ቀላል ነው። አንዱ ግን የሁሉንም ሰው ቀን ያበላሻል፤ እሱን ቆየት ብለን እንመጣበታለን።

«እንግሊዝ ሁልጊዜ ዝናብ ነው።» የለንደን የዓመት ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የአዲስ አበባ የዚያን እጥፍ ያህላል። የእኛ ክረምት በጥቂት ወራት አፍስሶ ይጨርሰዋል፤ የእነሱ ካፊያ ግን ዓመቱን ሙሉ ይንጠባጠባል። ጃንጥላ ነፋስ ስለሚገለብጠው ኮፍያ ያለው ቀላል የዝናብ ጃኬት ይሻላል። ሣሩ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ስለሆነ የሸራ ጫማ ይዘው አይምጡ።

«ኦክስፎርድ ስንደርስ ዩኒቨርሲቲው ግቢ እንገባለን።» አንድ በር ያለው ግቢ የለም። ከ30 በላይ ኮሌጆች በከተማዋ ተበትነው ይገኛሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ በር ጠባቂ፣ የራሱ ሰዓትና የራሱ ዋጋ አለው። በሜይና በጁን ደግሞ በፈተና ምክንያት ለጎብኚ የሚዘጉ አሉ።

«የናሽናል ትረስት (ታሪካዊ ቤቶችንና የአትክልት ቦታዎችን የሚጠብቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት) አባልነት ካርድ ሁሉንም ያስገባል።» አያስገባም። ሂድኮት፣ ስቶርሄድና ሲሲንግኸርስት የሚባሉትን የአትክልት ቦታዎች ያስገባል። ብሌንሃይም ቤተ መንግሥት ግን የድርጅቱ አይደለም፤ ለብቻው ይከፈላል። ከሂድኮት በር ብዙም የማይርቀው የኪፍትስጌት አትክልት እንኳ የግል ቤተሰብ ንብረት ነው፤ ካርዱን ቢያሳዩ ትኬት ግዙ ይባላሉ። የጉዞው ዋጋ ውስጥ የትኛው መግቢያ እንደተካተተ በቦታ በቦታው ተለይቶ ያልተጻፈ ከሆነ፣ አልተካተተም ብለው ገንዘብ ይያዙ።

«ባዝ ሄደን የሮማውያኑ መታጠቢያ ውስጥ እንነከራለን።» ምንጩ 46 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ያፈልቃል፤ ነገር ግን ከ1978 ወዲህ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ጥንታዊው ገንዳ ውስጥ መግባት ተከልክሏል። ጸበል የለመደ እጅ እየዘረጋ ያስቸግራል እንጂ አረንጓዴውን ውኃ መቅመስም መንካትም አይፈቀድም። ለመጠጥ የተጣራው እዚያው ፓምፕ ሩም በሚባለው አዳራሽ ይገኛል። መዋኘት የፈለገ በ2006 ወደ ተከፈተው ቴርሜ ባዝ ስፓ ይሂድ፤ ይህ ግን ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፣ የቡድን ፕሮግራም ደግሞ ሁለት ሰዓት ትርፍ የለውም። ነጻ ከሰዓት ከተሰጠና ምርጫው የአበሻ ከሆነ፣ ፌርፊልድ ሃውስን እንመክራለን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበትና በ1958 ለከተማዋ የሰጡት ቤት ነው። ከመሀል ከተማው ወደ ምዕራብ ወጣ ብሎ ስለሚገኝና ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«አትክልቱ ከጁን እስከ ኦገስት መቼም ቢሄዱ አንድ ነው።» ይህን የሚሉ ሰዎች ኦገስት ላይ ሄደው «ጽጌረዳው የታለ?» ይላሉ። በየጫካው ሥር ሰማያዊ ምንጣፍ የሚዘረጋው ብሉቤል ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ነው። ዊስቴሪያ የሚባለው ሐረግ በሜይ ያብባል። በኬንት የሚገኘውን ሲሲንግኸርስትን ስመ ጥር ያደረጉት ጽጌረዳዎች የሚደምቁት በጁን ነው፤ ኦገስት ላይ አብዛኛው ረግፎ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሰልፉ በእጥፍ ረዝሞ ይጠብቅዎታል። ስቶርሄድ የአበባ ሳይሆን የሐይቅና የዛፍ ቦታ ስለሆነ ኦክቶበር ላይ ቅጠሉ ሲቀላ የበለጠ ያምራል። ሐይቁን ለመዞር ከአንድ ሰዓት በላይ ይመድቡ።

አሁን ወደ ዋናው።

«ሾፌሩ ትንሽ ቢጠብቀን ምናለበት?»

ተሳፋሪው 20 ደቂቃ ዘግይቶ፣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ይመጣል። ሾፌሩ ፊቱን ሲያጠቁር «ምን ዓይነት ግግም ነው!» ይባላል። ሾፌሩ ግን የራሱ ጌታ አይደለም። መሪው አጠገብ ታኮግራፍ የሚባል መቅጃ አለ፤ በስሙ የተሰጠው ካርድ ገብቶበት የነዳበትን፣ የሠራበትንና ያረፈበትን ደቂቃ ሁሉ ይመዘግባል። ተቆጣጣሪ መንገድ ላይ አስቁሞ ሊያነበው ይችላል።

ሕጉ እንዲህ ነው። አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፤ ከከፈለውም መጀመሪያ 15፣ ቀጥሎ 30 ነው እንጂ ተገላቢጦሽ አይሆንም። በቀን መንዳት የሚችለው 9 ሰዓት ሲሆን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ 10 ይፈቀድለታል። ከ24 ሰዓቱ ውስጥ 11 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት ይገባዋል፤ ይህ ወደ 9 ሊወርድ የሚችለው በሁለት ሳምንታዊ ዕረፍቶች መካከል ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። (ሰዓቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ከጋራዥ የወጣው 6:30 ነው፤ እርስዎን ያሳፈረው 8:00 ላይ ነው። 11 ሰዓት ለማረፍ 19:30 ላይ ሥራውን መጨረስ አለበት፤ አውቶብሱን መልሶ ማቆምና መጥረግም ሥራ ነው። ስለዚህ እናንተ 18:30 ላይ መውረድ ይኖርባችኋል። በአራት ማቆሚያ 20፣ 20 ደቂቃ ከተዘገየ 80 ደቂቃ ይሆናል። 80ው ደቂቃ ከሦስቱ የአጭር ዕረፍት ዕድሎች አንዱን ይበላል። ሦስቱ ሲያልቁ ሾፌሩ «አልችልም» ቢል እውነቱን ነው፤ ያኔ የሚሰረዘው እናንተ የከፈላችሁበት የመጨረሻው ቦታ ነው። «ይፍጠንና ያካክስ» የሚል አይጠፋም። የአውቶብስ ፍጥነት በመገደቢያ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ የታሰረ ነው፤ አካፋይ በሌለው መንገድ ደግሞ ሕጉ የሚፈቅደው 80 ነው።

ሰው የማያውቀው ሌላው ነገር፣ ዕረፍቱ በጣም በቀላሉ መበላሸቱ ነው። እናንተ አትክልት ስትጎበኙ ሾፌሩ 45ቱን እየቆጠረ ነው። በ40ኛው ደቂቃ «ጃኬቴን ረስቼ ነበር፣ ዕቃ መጫኛውን ክፈትልኝ» ካሉትና እሺ ካለ፣ ያ ሥራ ስለሆነ ተከታታይ ዕረፍቱ ተቋርጧል። አውቶብሱን ሁለት ሜትር ቢያንቀሳቅስም ያው ነው። ጃኬቱንና መድኃኒቱን ሲወርዱ ይያዙ።

«መንገድ ላይ ስለሆነ ስቶንሄንጅን (ጥንታዊውን የድንጋይ ክበብ) እንጨምር» የሚለውም ከዚሁ ስህተት የተወለደ ነው። የጎብኚዎች ማዕከሉ ከድንጋዮቹ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል፤ በማመላለሻ መሄድና መመለስ አለ። ከሁለት ሰዓት በታች አይወጡለትም። ሃምሳ ሰው በአንድ በር ለመውረድ ብቻ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ የሽንት ቤት ሰልፉን ጨምሩበትና «የ30 ደቂቃ ማቆሚያ» ምን እንደሚተርፈው አስሉት።

ቡድን የሚመራ ሰው የመነሻ ሰዓቱን ከእውነተኛው 15 ደቂቃ ቀድሞ ይናገር፤ ሰው የሚቆጥር አንድ ሰው ይመደብ፤ መቀመጫ አይቀያየር። ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት ካሉ «በ3 ሰዓት እንነሳለን» ብሎ መተው አደጋ ነው፤ «15:00፣ በእኛ 9 ሰዓት» ተብሎ በወረቀት ተጽፎ ይሰጣቸው።

«አውቶብሱ መንደሩ መሀል ያወርደናል።» ወርዱ 2.55 ሜትር፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ገደማ የሆነ መኪና ለፈረስ ጋሪ በተሠራ ጎዳና አይገባም። ካስል ኩም በሚባለው መንደር ማቆሚያው ከኮረብታው በላይ ስለሆነ ቁልቁል በእግር ይወረዳል፤ የሚከብደው መልሱ ነው። ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች ይህን ከመሳፈራቸው በፊት ሊነገራቸው ይገባል። ቢበሪ መንደር ያሉት የአርሊንግተን ረድፍ ቤቶች ሰው የሚኖርባቸው ናቸው፤ በመስኮት አይታዩም፣ ደፋቸው ላይም አይቀመጡም።

ኮሚኒቲው ወይም ሰንበቴው ራሱ አውቶብስ የሚከራይ ከሆነ፣ ዋጋው ረክሶ ሲመጣ ሞተሩ ዩሮ 6 የሚባለውን የጭስ ልቀት ደረጃ የሚያሟላ መሆኑን ይጠይቁ። ደረጃውን የማያሟላ አውቶብስ ባዝ መሀል ሲገባ በቀን 100 ፓውንድ ይከፍላል፤ ለንደንም የራሷን ታስከፍላለች። ውሉ ላይ ካልተጻፈ ሂሳቡ ወደ እናንተ ይመጣል።

«የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ስላለኝ ቪዛ አያስፈልገኝም።» ያስፈልግዎታል። እንግሊዝ ሼንገን ውስጥ የለችም፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው በስቶክሆልምም በዱባይም ቢኖር የጎብኚ ቪዛ ማውጣት አለበት። የአውሮፓ ኅብረት አገር (ከአየርላንድ በቀር) ወይም የአሜሪካ ዜግነት የያዘው ደግሞ ቪዛ ባያስፈልገውም ኢቲኤ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ከመነሳቱ በፊት ያወጣል። ለቪዛው ውሳኔ አሻራ ከተሰጠ በኋላ ብዙ ጊዜ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ስለዚህ የማይመለስ የጉዞ ክፍያ የሚከፈለው ቪዛው ከተመታ በኋላ ነው።