«አንድ ክፍል ከፍ አድርገው ይጻፉልኝ»

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ስሠራ 19 ዓመቴ ነው። ዲቪ የደረሰውም ዘመድ አሜሪካ የጠራውም የልጆቹን ማስረጃ ሊያወጣ የሚመጣው እኔ መስኮት ላይ ነው። ማስረጃ መጻፍ አይሰለቸኝም። አብሮ የሚመጣው ወሬ ነው ያሰለቸኝ።

«በነጻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ምን ይረባል?» ይላሉ። የአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ 12ኛ ክፍል ነጻ ነው፣ አብዛኛው የአገሩ ልጅም የሚማረው እዚያው ነው። የእኛን የግልና የመንግሥት ሚዛን እዚሁ ተዉት።

«ስንደርስ ጥሩውን እንመርጣለን» የሚሉም አሉ። የጎጃም የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ መምህር እያማረጠ ከደብር ደብር ይዞራል። እዚያ ግን ልጁ በአብዛኛው የሚመደበው በመኖሪያ አድራሻው ነው። ስለዚህ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት፣ ቤቱ የየትኛው ትምህርት ቤት ክልል እንደሆነ ጠይቁ።

የክትባት ካርድ? ያዙ። ካልያዛችሁ የተከተበው ልጅ እንደገና ሊወጋ ይችላል።

ምዝገባ ላይ «ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው?» የሚል ቅጽ አለ። «አማርኛ ካልን ደካሞች ክፍል ይከቱታል» ብለው እንግሊዝኛ ብለው የሚሞሉ አሉ። በገዛ እጃቸው የልጁን የቋንቋ ድጋፍ አስቀሩ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «የሐበሻን ልጅ ክፍል ዝቅ ያደርጉታል» የሚለው ነው። አምና አንድ አባት መጣ። ልጁ አሥር ዓመቱ ነው፣ 3ኛ ክፍል ጨርሷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዲያው ጋሼ፣ አራተኛን ጨርሷል ብለው ይጻፉልኝ፤ እዚያ አንድ ሲቀንሱበት ቦታው ላይ ያርፋል» አለኝ። በግ ሻጭ ቀድሞ ጨምሮ እንደሚጠራው መሆኑ ነው። አልጽፍም አልኩት፣ አኩርፎ ሄደ።

በታችኛዎቹ ክፍሎች ልጁ የሚመደበው ባብዛኛው በዕድሜው ነው። እኛ አንደኛ ክፍል የምናስገባው በ7 ዓመት ነው፣ እነሱ በ6። ስለዚህ የእኛ ልጅ ከፍ ነው የሚለው እንጂ ዝቅ አይልም!

ዝቅ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፦ የልደት ቀን። የእህቴ ልጅ የተወለደው ጥቅምት 5 ቀን 2006 ነው። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 15 ቀን 2013 ማለት ነው። ትርጉም ቤቱ ግን 8 ደመረና 2014 ብሎ ጻፈ። ከመስከረም 1 ጀምሮ የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው የፈረንጆቹ ዓመት ሲገባ፣ ከታኅሣሥ 22 ወይም 23 ጀምሮ ነው። ያ ስህተት ፓስፖርቱ ላይ ገባ፣ ከፓስፖርቱ ቪዛው ላይ። ልጁ ባንድ ዓመት ከሚያንሱት ጋር ተመደበ። እህቴ የላከችው የክፍሉ ፎቶ ላይ ከኋላ ቆሟል፣ ሁሉንም በአንገት ይበልጣቸዋል። ያን ወረቀት ሳያይ ያሳለፈው የሪከርድ ሠራተኛ አጎት ማን መሰላችሁ?

እንግዲህ ከመፈረማችሁ በፊት ቀኑን በጣታችሁ ቁጠሩ። የአያትን ስም ፊደል በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ አድርጉ። ልጃችሁ 9ኛ ክፍል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ትራንስክሪፕቱን በደንብ አስወጡ፤ እዚያ ክሬዲት የሚቆጠረው ከ9ኛ ጀምሮ ስለሆነ የየትምህርቱ ውጤት ተዘርዝሮ፣ ማኅተሙም ሳይደበዝዝ መውጣት አለበት። ሁለት ሦስት ቅጂ ያዙ። እኔ መስኮት ላይ ለመመለስ አባይን ብቻ አይደለም የምትሻገሩት።

ያ ያኮረፈው አባት በጥቅምት ደወለልኝ። ሰላምታው እንኳ አላለቀም።

«ጋሼ፣ አምስተኛ አስገቡብኝ! በዛበት፤ ዝቅ እንዲያደርጉት አንድ ደብዳቤ ይጻፉልኝ።»