ሞሰቡ ለምን 30 ኪሎ ተባለ?

ውጭ አገር ላለ ዘመድ ከአዲስ አበባ ዕቃ በኩሪየር ሲላክ ክርክር የሚነሳው ሒሳቡ ሲነገር ነው። «እንዴት ይሄን ያህል?» የሚያሰኙት ደግሞ ጥቂት የተለመዱ ግምቶች ናቸው።

«ቀላል ዕቃ ዋጋው ትንሽ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ቀላልም ሆነ ከባድ፣ ዕቃው አውሮፕላን ውስጥ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ካርቶኑ ይመዘናል፤ በሴንቲሜትርም ይለካል። ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ተባዝቶ ለ5000 ይካፈላል፤ የሚወጣው ቁጥር እንደ ኪሎ ይቆጠራል። ዲኤችኤልን ጨምሮ ብዙ ዓለም አቀፍ ኩሪየሮች የሚጠቀሙት ይህን ቁጥር ነው። በተራ የአየር ካርጎ ግን 6000 የተለመደ ነው። ከሚዛኑና ከስሌቱ የሚከፈለው በበለጠው ነው።

የሞሰብ ካርቶን 50 በ50 በ60 ይሁን። ስሌቱ 30 ኪሎ ይመጣል። ሞሰቡ አራት ኪሎ ቢመዝንም የሚከፈለው የ30 ነው።

«ክብ ስለሆነ ጥጉ አይቆጠርም»

ይቆጠራል። መለኪያው የሚያርፈው በጣም ወጣ ያለው ጫፍ ላይ ነው። ሆዱ ያበጠ ካርቶንም ባበጠበት በኩል ይለካል።

«በርበሬው ለብቻው ቢሄድ ይሻላል»

ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አሥር ኪሎ በርበሬ በትንሽ ካርቶን ብቻውን ቢላክ የአሥር ኪሎ ይከፈልበታል። ከሞሰቡ ጋር ሲደመር 40 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። በርበሬው በደንብ ታሽጎ ሞሰቡ ሆድ ውስጥ ቢገባስ? ሚዛኑ 14 ኪሎ ያሳያል፤ ስሌቱ ግን ያው 30 ነው። በርበሬው በነፃ ሄደ! ሽሮም፣ ቡናም እንደዚሁ ይገባል። ጠቅላላው 30 ኪሎ እስኪደርስ ድረስ አንድ ሳንቲም አይጨምርም።

«ካርቶኑ ትንሽ ሰፋ ቢል ምን አለበት?»

በየጎኑ 40 ሴንቲሜትር የሆነ ካርቶን 12.8 ኪሎ ይሰላል። 45 ሲሆን 18.2 ይደርሳል። አምስት ሴንቲሜትር ከአምስት ኪሎ በላይ ጨመረች። ጋቢና ብርድ ልብስ አየሩ በሚመጠጥ ፕላስቲክ ቢታሸጉ መጠናቸው በጣም ይቀንሳል። በርበሬን ግን ማመቅ ብዙ አይጠቅምም፤ የሚከፈለው በሚዛኑ ነው።

«በመርከብም ስሌቱ ያው ነው»

አይደለም። በመርከብ አንድ ሜትር ኩብ ከአንድ ቶን ጋር እኩል ይታያል። ለቤት ዕቃ እዚያ የሚወስነው በአብዛኛው ቦታው ነው።

ካርቶኑን ከማሸጋችሁ በፊት ድርጅቱ የሚያካፍለው ለ5000 ይሁን ለ6000 ጠይቁ። ያ ሞሰብ በ6000 ቢሰላ 25 ኪሎ ነው።