ኦኪዩፔሽናል ቴራፒ ለልጆች፦ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ለምን አይስማሙም?

አሜሪካ ያሉ ብዙ ወላጆች ልጃቸው በኦኪዩፔሽናል ቴራፒስት እንዲታይ ፈቃድ የሚጠይቅ ወረቀት ከትምህርት ቤት ሲመጣ ይደነግጣሉ። አይደንግጡ። ባለሙያዋ የምትሠራው ልጁ በየቀኑ በሚያደርጋቸው ነገሮች ላይ ነው፦ ቁልፍ መቆለፍ፣ እርሳስ መያዝ፣ በማንኪያ መብላት፣ ጫማ ማሰር።

ጫማ ማሰርን እንውሰድ። ሥራው በትንንሽ ደረጃ ይከፈላል። አንዱ መንገድ ባለሙያዋ አብዛኛውን ራሷ ሠርታ የመጨረሻውን፣ ስቦ ማጥበቁን፣ ለልጁ መተው ነው። ሲለምድ ከዚያ በፊት ያለውን ትጨምርለታለች። ልጁ ሁልጊዜ የሚያበቃው በተሳካ ሥራ ስለሆነ ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም። በጣም የምወደው ዘዴ ነው፤ እቤትም ይሞክሩት።

ስሜትም የሥራው አካል ነው። ካፍቴሪያ ውስጥ ጆሮውን ይዞ የሚጮህ ልጅ ባለጌ ላይሆን ይችላል። ጫጫታው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ይሆናል። ባለሙያዋ ምን እንደሚረብሸው ታጠናለች። ከዚያ ሳይብስበት እረፍት መጠየቅን፣ ሰውነቱን ማንቀሳቀስን፣ ጸጥ ያለ ቦታ መሄድን ታለማምደዋለች። ቁጣና ዱላ ይህን አያስተምሩም።

ግራ የሚያጋባው ሕጉ ነው። በፌዴራሉ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ መሠረት የሕዝብ ትምህርት ቤት አገልግሎቱን በነፃ የሚሰጠው፣ ልጁ ከልዩ ፍላጎት ትምህርቱ እንዲጠቀም አስፈላጊ ሲሆን ነው። ስለዚህ ክሊኒክ «ያስፈልገዋል» ብሎ ትምህርት ቤት «አያስፈልገውም» ሊል ይችላል። መለኪያቸው ይለያያል። ትምህርት ቤቱ ልጅዎን እንዲገመግም በጽሑፍ ይጠይቁ። በአይኢፒ (ለልጁ በግል የሚዘጋጅ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ ላይ እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው።