«ጌት» ማለት ምን ማለት ነው?

«ጌት» እንግሊዝኛ ስንማር ገና በጠዋቱ የምንተዋወቀው ግሥ ነው። መዝገበ ቃላት ስንገልጥ «አገኘ» ይለናል። ልክ ነው፤ «አይ ጎት ዩር ሜሴጅ» («ጎት» የ«ጌት» ኃላፊ ጊዜ ነው) ማለት መልእክትህ ደረሰኝ ማለት ነው። ይህን አንድ ፍቺ ይዘን ሁሉም ቦታ ስንሄድ ግን ግራ እንጋባለን። «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ» ሲባል የተገኘ ነገር የለም። እየመሸ ነው።

ፍቺዎቹን አንድ በአንድ መሸምደድ አያዋጣም። ይልቅ ከ«ጌት» ቀጥሎ የመጣውን ቃል እዩ። ስም ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ማግኘት፣ መቀበል ወይም መግዛት ነው። ቅጽል ከሆነ ለውጥ አለ፦ «ጌት ታየርድ» ደከመ፣ «ጌት አንግሪ» ተናደደ። ቦታ ከሆነ መድረስ ነው፦ «ጌት ቱ ዘ ኤርፖርት»። «ሆም»፣ «ሂር» እና «ዜር» ሲከተሉት ግን «ቱ» አይገባም። «ጌት ቱ ሆም» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ትክክሉ «ጌት ሆም» ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ በጣም የሚጠቅመው ግን ይኼኛው ይመስለኛል፦ «አይ ጎት ማይ ካር ፊክስድ»። መኪናዬን አስጠገንኩ ማለት ነው። የሠራው መካኒኩ ነው፤ ያሠራሁት እኔ ነኝ። እኛ «አስ» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እንግሊዝኛ በ«ጌት» ይለዋል። «አይ ፊክስድ ማይ ካር» ካላችሁ ግን በገዛ እጃችሁ ጠገናችሁት ማለት ነው። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፤ መኪናው ከ«ጎት» እና ከ«ፊክስድ» መሃል መግባት አለበት። መሃል የሚገባ ነገር ከሌለ ደግሞ ድርጊቱ የሚደርሰው በዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ላይ ይሆናል፦ «ሺ ጎት ፋየርድ»፣ ከሥራ ተባረረች።

ሰው ሲያስረዳችሁ «አይ ጌት ኢት» ካላችሁ፣ ገባኝ ማለታችሁ ነው።

አሜሪካኖች ከ«ሃቭ» በኋላ በ«ጎት» ፈንታ «ጎተን» ሲሉ ብትሰሙ አትደናገጡ። እነሱ ጋ «አይ ሃቭ ጎት ኤ ካር» መኪና አለኝ ነው፤ «አይ ሃቭ ጎተን ኤ ካር» ደግሞ መኪና አገኘሁ ወይም ገዛሁ። እንግሊዞች ዛሬ ብዙውን ጊዜ በ«ጎት» ብቻ ነው የሚጠቀሙት።

ለሥራ ማመልከቻ ወይም ለጥናት ጽሑፍ ሲሆን «ጌት»ን ቀነስ አድርጉት። እንደ ፍቺው በ«ሪሲቭ»፣ በ«ኦብቴይን» ወይም በ«ቢካም» ተኩት። ከጓደኛ ጋር ስታወሩ ግን «አይ ኦብቴይንድ ዩር ሜሴጅ» አትበሉ፤ «ጎት» በቂ ነው።