ጭንብል የለበሰው ሰው፦ ስለ ቤዝቦል ካቸር የሚባለውና እውነታው

ቤዝቦል በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ካሜራው የሚቀርጸው ከፒቸሩ (ከኳስ ወርዋሪው) ጀርባ ሆኖ ነው። ስለዚህ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የተቀመጠው ካቸር፣ ማለትም ኳስ ተቀባዩ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ከዓይናችን አይጠፋም። እንዲያም ሆኖ ስለ ሥራው የሚወራው አብዛኛው ከእውነታው የራቀ ነው። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ልጆቻቸውን ሜዳ የሚያመላልሱ ወላጆች ይሄ ይጠቅማቸው ይሆናል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

“ካቸር ማለት የእግር ኳስ በረኛ ማለት ነው”

ጭንብሉንና ጓንቱን ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ግን በረኛ የሚጠብቀው የባላጋራውን ኳስ ነው። ወደ ካቸር የምትመጣዋን ኳስ የሚወረውራት የገዛ ጓደኛው ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ምን ዓይነት ውርወራ እንደሚወረወርና በየት በኩል እንደምታልፍ የሚጠቁመው ካቸሩ ራሱ ነው። መቺው ባለፈው ተራው በምን እንደተሸወደ፣ ፒቸሩ ዛሬ የትኛው ውርወራ እንደሰመረለት፣ ወደ ቀጣዩ ቤዝ (ሯጮች ወደሚደርሱበት ጣቢያ) ምት ሳይጠብቅ ሮጦ ለመስረቅ ያቆበቆበ ሯጭ መኖር አለመኖሩን እያሰላ ይመርጣል። ፒቸሩ ካልተስማማ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሌላ ይመረጣል። በአንድ ጨዋታ ይህ ምርጫ ከመቶ ጊዜ በላይ ይደጋገማል።

“ኳሷን ከያዛት ሥራው አለቀ”

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው ባይ ነኝ። ፒቸሩ የሚቆምበት ቦታ ከመቺው 18.44 ሜትር ይርቃል። ኳሷ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ስትበር ያንን ርቀት ግማሽ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ትጨርሰዋለች። መቺው ካልሞከራት፣ ስትራይክ (በመቺው ላይ የሚቆጠር ጥሩ ውርወራ) መሆን አለመሆኗን የሚወስነው በካቸሩ ትከሻ ላይ አሻግሮ የሚያየው ዳኛ ነው። ዳኛም ሰው ነው፤ የጓንቱ አኳኋን ያሳምነዋል። በመቺው ጉልበት ልክ ዝቅ ብላ የመጣች ኳስ ጓንቱን ይዛው ወደ መሬት ከወረደች መጥፎ ውርወራ ትመስላለች። ጎበዝ ካቸር ጓንቱን ቀድሞ ከታች ያስቀምጥና ከታች ወደ ላይ ይቀበላታል፤ ክንዱ ሳይወዛወዝ እዚያው ያቆማታል። እንቅስቃሴው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብትሆን ነው። የምትለውጠው ግን የጨዋታውን ውጤት ሊሆን ይችላል።

ይህን ችሎታ ለረጅም ዘመን የሚለካው አልነበረም። እያንዳንዱን ውርወራ የሚከታተሉ ካሜራዎች በየስታዲየሙ ሲተከሉ ግን ተቆጠረ፤ ክለቦችም በመምታት ደካማ ለሆነ ካቸር ገንዘብ ማውጣት ጀመሩ። ካቸሩን ሆሴ ሞሊናን የታምፓ ቤይ ክለብ ያቆየው በጓንቱ ነው እንጂ በዱላው አይደለም። (ቤንጂ፣ ሆሴና ያዲየር፣ ሦስቱም የሞሊና ወንድማማቾች ከፖርቶ ሪኮ የመጡ ካቸሮች ናቸው። ሦስቱም የዓለም ሻምፒዮና ቀለበት አላቸው።)

ኳሷ ከፊቱ መሬት ላይ ስታርፍስ? ጀማሪ በጓንቱ ሊቀልባት ይሞክራል፤ ታመልጠዋለች። ባለሙያው በሁለት ጉልበቱ ይወድቅና አገጩን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ትከሻውን ወደፊት አጥፎ በሰውነቱ ያግዳታል፤ ከፊቱ ወድቃ እንድትቀር። ጓንት የሌለውን እጁን እስከዚያው ከኋላው ይደብቃል። የመቺውን ዱላ ጨርፋ አቅጣጫዋን የቀየረች ኳስ ጣት ትሰብራለችና።

“ቴክኖሎጂ ሥራ ፈት አድርጎታል”

በጣት ምልክት መነጋገር እየቀረ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ከ2022 ጀምሮ ካቸሩ ቁልፍ ይጫናል፣ ፒቸሩ ቆቡ ውስጥ ካለች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይሰማል። መሣሪያው ግን ምርጫውን አያደርግለትም። እንዲያውም በ2023 የጊዜ ገደብ ስለመጣ፣ ሯጭ በሌለበት ፒቸሩ በ15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት፤ ካቸሩም የሚያስብበት ጊዜ አጠረ።

ለ2026 የውድድር ዘመን የጸደቀው ሕግ ደግሞ የዳኛን የስትራይክ ውሳኔ በካሜራ ማስመርመር ይፈቅዳል። መጠየቅ የሚችሉት መቺው፣ ፒቸሩና ካቸሩ ብቻ ናቸው። አሰልጣኙ ከወንበሩ ተነስቶ ቢጮህ አይሰማም። አንድ ቡድን በሁለት ዕድል ይጀምራል፤ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ዕድሉ አይቀነስበትም። ዳኛን በጓንት ማሳመን ዋጋው ቢቀንስ አይገርመኝም። ግን ኳሷን ከሁሉ አቅርቦ የሚያያት ካቸሩ ስለሆነ፣ መቼ መጠየቅ እንዳለበት ማወቁ አዲስ ሙያ ይሆንለታል።

“ካቸርን የሚጥለው ጉልበቱ ነው”

ጉልበት ያልቃል፣ ማን ይክዳል። ዛሬ ብዙዎቹ አንድ ጉልበታቸውን መሬት አስነክተው የሚቀመጡት አንዱም ለዚያ ነው። ነገር ግን ያለ ጊዜያቸው ከቦታው የተነሱትን ስናይ ጭንቅላትም አለበት። የሚኔሶታው ጆ ማወር በ2009 የአሜሪካን ሊግ (ከከፍተኛው ውድድር ከሜጀር ሊግ ሁለት ምድቦች አንዱ) ኮከብ ተጫዋች ነበር። በነሐሴ 2013 ዱላ የጨረፈች ኳስ ጭንብሉን መታችው፤ አንጎሉ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ ወደ አንደኛ ቤዝ ተዛወረ። በ2018 የስንብቱ ጨዋታ ላይ ብቻ የካቸር ልብሱን አጥልቆ አንዲት ውርወራ ተቀብሎ ወጣ። ማይክ ማተኒም ከተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት በኋላ በ2007 ጨዋታ ማቆሙን አሳወቀ።

ሌላው አደጋ ግጭት ነበር። በ2011 የሳን ፍራንሲስኮውን በስተር ፖዚን ወደ መጨረሻው ቤዝ እየተንደረደረ የመጣ ሯጭ ገጨው፤ እግሩ ተሰበረ፣ ጅማቱ ተበጠሰ፣ የዚያ ዓመት ጨዋታው አበቃ። በ2014 እንዲህ ያለውን ግጭት የሚከለክል ሕግ ወጣ። የሚገርመው፣ ፖዚ በ2012 ተመልሶ የሌላኛው ምድብ፣ የናሽናል ሊግ፣ ኮከብ ሆኗል።

በሌላ በኩል ኢቫን ሮድሪገዝ ከ1991 እስከ 2011 በካቸርነት 2,427 ጨዋታ ተጫውቷል። ከእሱ በላይ የተጫወተ የለም።

“ካቸር መምታት አይሆንለትም”

በጥቅሉ ሲታይ ከሌላው ቦታ ተጫዋች ያነሰ መምታታቸው እውነት ነው፤ በየቀኑ ቁጢጥ ብሎ መዋል ያደክማል። ሆኖም የሲያትሉ ካል ራሊ በ2025 60 ሆም ረን (መቺው ሁሉንም ቤዝ ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ምት) መታ። በዋናነት ካቸር የሆነ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን ያስመዘገበው ከፍተኛው ቁጥር ነው፤ ቀድሞ 48 ነበር። ከዚህም በላይ ጆሽ ጊብሰን አለ። ጥቁር በመሆኑ ሜጀር ሊግ ሳይገባ በ1947 መጀመሪያ በ35 ዓመቱ ሞተ፤ ጃኪ ሮቢንሰን ለጥቁር ተጫዋቾች በሩን የከፈተው ከሦስት ወር በኋላ ነው። በ2024 የጥቁሮች ሊጎች ውጤት በይፋ ሲካተት፣ ጊብሰን በ0.372 አማካይ (ከሺህ ሙከራ 372 የተሳካ ምት እንደማለት) የመምታት ክብረ ወሰኑን በሙሉ ታሪክ ያዘ።

“በልጅነቱ ያልጀመረ አይሆንም”

ማይክ ፒያሳ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ በ1988 የተመረጠው በ62ኛው ዙር፣ 1,390ኛ ሆኖ ነው፤ ያኔ ካቸር አልነበረም። ቦታውን ከዚያ በኋላ ተምሮ በ2016 ኩፐርስታውን በሚገኘው የዝነኞች አዳራሽ ገባ።

“ሁሉም ሚሊየነር ነው”

ማወር በስምንት ዓመት 184 ሚሊዮን ዶላር ፈርሟል። የ2026 ዝቅተኛው የሜጀር ሊግ ደመወዝም 780,000 ዶላር ነው። ነገር ግን 30ው ክለቦች እያንዳንዳቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት ሁለት ካቸር ብቻ ስለሆነ ቦታው በግምት 60 ነው። ከዚያ አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ብሎ፣ በ2023ቱ ስምምነት የተቆረጠው የዓመት ደመወዝ 35,800 ዶላር ገደማ ነበር።

ብዙው ካቸር በተጠባባቂነት ከክለብ ክለብ ሲዘዋወር ይኖራል። ዳኒ ጃንሰን በሰኔ 2024 ለቶሮንቶ ሊመታ ቆሞ ሳለ ጨዋታው በዝናብ ተቋረጠ። እስኪቀጥል ድረስ በዝውውር ወደ ቦስተን ሄደ፤ በነሐሴ ሲቀጥል እሱ በጀመረው ተራ ሌላ ሰው ሲመታ፣ ጃንሰን ከኋላው ቁጢጥ ብሎ የቦስተን ካቸር ነበር።

ብሩስ ቦቺም ሲጫወት በሦስት ክለቦች የተዘዋወረ፣ ይበልጡን ጊዜ ወንበር ላይ ያሳለፈ ተጠባባቂ ካቸር ነበር። በአሰልጣኝነት በ2010፣ በ2012፣ በ2014 እና በ2023 የዓለም ሻምፒዮናውን አራት ጊዜ ወስዷል።