ሐይቁ፣ ጓሳውና ከሰሉ፦ ስለ ዘላቂነት የምንሳሳታቸው ነገሮች

"ዘላቂነት" የስብሰባ ቃል ሆኖብናል። ባነር ላይ ይጻፋል፣ ይጨበጨባል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ግን ነገሩ የቤት ጉዳይ ነው እላለሁ። ሰው፣ ገበያና መሬት በአንድ ጣሪያ ስር የሚያድሩ ናቸው፤ አንዱ ከታመመ ሌሎቹም እንቅልፍ የላቸውም። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ጥቂት አባባሎች በሀገራችን ቦታዎች ላይ ልፈትሻቸው።

"መጀመሪያ ሆዳችን ይሙላ፤ ስለ አካባቢ በኋላ እናወራለን"

ይሄን የሚሉ ሰዎች ክፉ አይደሉም። ልጁ የራበው አባት ስለ ሐይቅ አስብ ቢባል እንዴት ይሰማዋል? ግን ሐረማያ የደረሰውን እንይ።

ሐረማያ ሐይቅ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ነው። ለሐረር፣ ለሐረማያና ለአወዳይ ከተሞች የመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች በሞተር ውሃ እየሳቡ ጫት፣ ድንችና ሽንኩርት ያመርቱ ነበር። ጫቱ አወዳይ ገበያ ይወጣል፣ ከዚያም ድንበር ይሻገራል። ብር አለው። ብሩ ሲጨምር ሞተሩም ጨመረ። ኮረብታዎቹ ደግሞ ተራቁተው ስለነበር ዝናብ በጣለ ቁጥር ደለሉ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ውሃው ከላይ እየተሳበ፣ ከታች በደለል እየተሞላ ቆየና በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ የሚቀዘፍበት ቦታ የከብት ግጦሽ ሆነ።

ከዚያ ማን ተጎዳ? ተፈጥሮ ብቻ ነው የተጎዳው? ሐረር ተጠማች። ቢጫ ጀሪካን የተደረደረበት ሰልፍ የከተማዋ የዘወትር መልክ ሆነ። መጨረሻ ላይ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ከከርሰ ምድር ተስቦ እንዲመጣ ተደረገ። ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ሐረር ደጋ ላይ ነች። ውሃው በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ሽቅብ መገፋት አለበት። ለፓምፕ፣ ለመብራት፣ ለጥገና በየወሩ ገንዘብ ይወጣል። ድሮ ደጃፍ ላይ ተኝቶ የነበረ ውሃ ነው እንግዲህ። ሆድ ሞልቶ "በኋላ" የተባለው ነገር ዞሮ የመጣው ከነወለዱ ነው።

"ተፈጥሮ የሚጠበቀው ሰውን በማራቅ ነው፤ ሀሳቡም የፈረንጅ ነው"

ሁለት ስህተት በአንድ አፍ። መልሱ ያለው ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ነው።

ጓሳ የሣር ስም ነው፤ ሣሩ የበቀለበት ደጋም በዚያው ስም ይጠራል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መንዞች ይህን ቦታ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። (በቅርብ ዓመታት ከምናውቀው ቄሮ ጋር ስሙ ነው እንጂ ነገሩ አይገናኝም።) አቅኚ አባቶች ተብለው የሚጠሩት አስቦና ጌራ ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል። አይታጨድም፣ አይጋጥም። የመረጧቸው ሽማግሌዎች በስሏል ሲሉ ይከፈትና ሁሉም ገብቶ ያጭዳል። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት እንደገና ይዘጋል። ጥበቃው በየተራ ነው፣ የቀረ ይቀጣል። ድርቅ ከጠና ደግሞ ለከብቱ ይከፈታል።

ለምን እንዲህ ደከሙለት? ሣሩ ቤታቸው ስለሆነ ነው። ጣሪያው ጓሳ፣ ገመዱ ጓሳ፣ መኝታው ጓሳ። አንድ ጊዜ እዚያ አካባቢ አንድ እረኛ የለበሰውን ገሳ በእጄ ዳስሼ አይቻለሁ። ሣሩ ተጎንጉኖ ከራስ እስከ ጉልበት የሚወርድ የዝናብ ልብስ ነው። ከውጭ ረጥቧል፤ እጄን ወደ ውስጥ ሳስገባ ደረቅና ሞቃት ነበር። ያን ልጅ "ሣሩ ለምን ይጠበቃል?" ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል።

በዚያ ሣር ውስጥ ነው ቀይ ቀበሮ አይጥ እያደነ የተረፈው። በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ አንድም የለም። ጭላዳውም እዚያው ነው። ያተረፋቸው አጥር አይደለም፤ ጣሪያ የሚከድን ገበሬ ነው።

በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሲሆን ቄሮ ፈረሰ። ያኔ ጓሳው የማንም ሆነና ሁሉም እንዳገኘ ያጭደው ጀመር። ዛሬ ቦታው የማህበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ከጎብኚዎችም ገቢ ይገኛል። ነገሩን ያቆመው ግን "የእኛ ነው" የሚለው ስሜት መመለሱ ይመስለኛል።

"ከሰል ካለ ደን የለም"

ብዙ ቦታ እውነት ነው። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ግን ነገሩ ተገልብጧል። መሬቱ በአሲድ ስለተጎዳ ገብሱም ጤፉም እምቢ ብሎ ነበር። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት መትከል ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መሃል እህል ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ያጭዳል፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ያከስላል፣ ከዚያ መልሶ ያርሳል። ዛፉ ናይትሮጅን ስለሚሰጥ አፈሩ ያገግማል። ከሰሉ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ዛሬ ጠዋት ቡናዎን ያፈላው ከሰል ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ወረዳው በዚህ የተነሳ አረንጓዴ ለበሰ። ያለ ከሰል ገበያ ያን ሁሉ ዛፍ ማን ይተክል ነበር?

ግን ሁሉም አንድ ዛፍ ላይ ተንጠለጠለ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዲከረንሱን ዋግ መሰል በሽታ መታው፤ ችግኙን የሚያጠወልግ፣ ቅጠሉን የሚያረግፍ። ገበሬው ገቢውንም ዛፉንም አንድ ላይ አጣ። ገበያ ደን ሊያበቅል እንደሚችል እዚያ አይተናል፤ አንድ ዓይነት ብቻ ሲሆን ምን እንደሚመጣም እዚያው አይተናል።

"ከመቶ ዓመት በፊት የሀገራችን 40 በመቶ ደን ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ብቻ ቀርቷል"

ትምህርት ቤት ሸምድደነዋል። ሆኖም ያኔ ደኑን የለካ ሰው የለም። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ቁጥሩን ወደ ኋላ ቢከታተለው በልኬት ላይ የቆመ መነሻ አላገኘለትም። የሰሜኑ ደጋ ለሺህ ዓመታት የታረሰ መሬት ነው። በ2008 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ አነስ ያሉትን ጫካዎች ጨምሮ ሲቆጠር የደን ሽፋኑ 15 በመቶ አካባቢ ተብሎ ነበር። ቁጥሩን የማነሳው ለመጽናናት አይደለም። ጥፋቱን ሁሉ በገበሬ አያቶቻችን ላይ ስንጭን፣ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ እየተመነጠረ ያለውን እውነተኛ ጥቅጥቅ ደን ሳናየው እናልፋለን።

"ችግኝ ከተተከለ ሥራው አልቋል"

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አሳውቋል። ችግኝ ግን የሚሞተው በበጋ ነው፤ ካሜራው ከሄደ በኋላ። ፍየል የማን እንደሆነ፣ ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚቆርጠው ያልተነጋገሩበት ሰፈር ውስጥ የተተከለ ችግኝ ዕድሉ ጠባብ ነው።

"አንዴ የጠፋ አይመለስም"

ወደ ሐረማያ ልመለስ። ኮረብታዎቹ ላይ እርከን ተሠራ፣ ዛፍ ተተከለ፣ ደህና ክረምትም መጣ። ከአሥር ዓመት በላይ ደርቆ የቆየው ሐይቅ ውሃ ያዘ። ወፎቹ ተመለሱ። በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ያየዋል፤ አፈር የነበረው ቦታ ሰማይ ይታይበታል። ዙሪያው ያለው ገበሬ ግን ዛሬም ጫትና ድንች ነው የሚያመርተው፣ ዛሬም ውሃ ያስፈልገዋል። በቀን ስንት ሰዓት ሞተር እንደሚነሳ፣ በማን ተራ እንደሚነሳ አብሮ የሚወስን ቄሮ ግን ሐረማያ ገና አላገኘችም።