የአሸዋ ድንጋይና ግራናይት

የአሸዋ ድንጋይና ግራናይት የሁለት የተለያዩ የአለት ወገኖች ተወካይ ተደርገው ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ይቀርባሉ። የአሸዋ ድንጋይ ደለል ተከማችቶና ጠጥሮ የሚያስገኘው ሴዲመንተሪ አለት ነው፤ ግራናይት ደግሞ ማግማ የሚባለው ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ኢግኒየስ አለት ነው። ልዩነታቸው እውነት ነው። ሆኖም ዝምድናቸውን የዘለለ ንጽጽር ከታሪኩ የሚበልጠውን ክፍል ይተወዋል።

ግራናይት የሚፈጠረው ከምድር ገጽ በኪሎ ሜትሮች በሚቆጠር ጥልቀት ነው። እዚያ ማግማው የሚበርደው እጅግ በዝግታ ስለሆነ ማዕድናቱ በዓይን እስኪለዩ ድረስ ለማደግ ጊዜ ያገኛሉ። አዲስ የተፈለጠ ግራናይት ላይ መስታወት የመሰለ ግራጫ ኳርትዝ፣ ነጭ ወይም ሮዝማ ፌልድስፓርና የሚያብለጨልጭ ጥቁር ማይካ ይታያሉ። ሁሉም እርስ በርስ የተቆላለፉ ናቸው፤ በመካከላቸው ክፍተት የለም ለማለት ያስደፍራል።

ይህ አፈጣጠር በአንድ ወቅት ብርቱ ክርክር አስነስቶ ነበር። ጀርመናዊው የስነ ምድር ሊቅ አብርሃም ጎትሎብ ቨርነር ግራናይት ከጥንት ውቅያኖስ ውሃ ዘቅጦ የተፈጠረ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ስኮትላንዳዊው የስነ ምድር ሊቅ ጄምስ ኸተን ግን በ1785 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ በሚገኘው ግሌን ቲልት ሸለቆ የግራናይት ጅማቶች ነባሮቹን አለቶች ሰንጥቀው መግባታቸውን አየ። ግራናይቱ ቀልጦ ባይፈስ ኖሮ እንዲያ ሊገባ አይችልም ነበር።

የአሸዋ ድንጋይ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሌላ ዓለም ነው። ከ0.0625 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚለኩ፣ ውሃ ወይም ነፋስ ያመጣቸው ቅንጣቶች ተደራርበው በሲሊካ፣ በካልሳይት ወይም በብረት ኦክሳይድ ተጣብቀዋል። ጥንካሬውን በብዛት የሚወስነው ይህ ማጣበቂያ ነው። በቅንጣቶቹ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኳርትዝ ብረት የሚጭር ማዕድን ነው፤ ማጣበቂያው ሲደክም ግን ድንጋዩ በጣት ሲታሽ እንኳ ይራገፋል። ማጣበቂያው ካልሳይት ከሆነ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሲልበት አረፋ ያወጣል። በቅንጣቶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ውሃና ነዳጅ ዘይት ያቁራል፤ በግራናይት ውስጥ ግን ውሃ የሚያልፈው በስንጥቆቹ ነው። የአሸዋ ድንጋይ ንብርብሮች የጥንቱ ውሃ ወይም ነፋስ ወዴት ይሄድ እንደነበር ያመለክታሉ፤ አንዳንዴም ቅሪተ አካል ይገኝባቸዋል።

ዝምድናቸው የሚጀምረው ግራናይት ወደ ምድር ገጽ ሲወጣ ነው። በትንሹ አሲድነት ያለው የዝናብ ውሃ ፌልድስፓሩን ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ አፈር ይለውጠዋል። ኳርትዙ ግን አይበገርም፤ ከአለቱ ይላቀቅና በወንዝ ተገፍቶ አሸዋ ይሆናል። በብዙ የአሸዋ ድንጋዮች ውስጥ ያለው ኳርትዝ ምንጩ ግራናይትና መሰሎቹ ናቸው። ይህ ደለል በጥልቀት ተቀብሮ ከቀለጠ ደግሞ ዳግም ግራናይት ሊወጣው ይችላል።

በጣም የሚያስደንቀኝ ዚርኮን የተባለችው ደቃቅ ማዕድን ናት። በውስጧ ያለው ዩራኒየም በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ ዕድሜዋ ይለካል። ከግራናይት የተወሰደች ዚርኮን ባመዛኙ አለቱ የጠጠረበትን ጊዜ ትናገራለች። ከአሸዋ ድንጋይ የተወሰደችው ግን የምትናገረው ስለ መጣችበት አለት ነው፤ ስለዚህ የአሸዋ ድንጋዩ ደለል የተከማቸው በውስጡ ካሉት ዚርኮኖች ታናሺቱ ከተፈጠረች በኋላ ነው።